ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

ወደ ውስጥ ነው እንጂ፣ ወደ ውስጥ፣ ሌላ ወዴት ሊከፈት ኖሯል፣ ራሱ የሣለው በር አይደል፣ የመከፈቻዋን ሩብ ክብ በኮምፓስ አዙሮ፣ በራፒዶ ብዕር አድምቆ፣ ቀለሟ እንዲደርቅ እፍ ያለባት በር፣ ይኸው አሁን ጀርባውን ሰጥቷት ወለሉ ላይ ተዘርፍጧል፣ ከኋላው በር፣ ከፊቱ የሽንት ቤቱ መቀመጫ፣ በቀኝ ሴራሚክ፣ በግራ ሴራሚክ፣ አንድ እግሩ በመቀመጫውና በግድግዳው መካከል ተሰንቅሮ፣ ሰው በገዛ ንድፉ ውስጥ እንዲህ ልክክ ብሎ ሲገጥም ማየት ለሚያይ ደስ ይላል፣ የሚያይ ግን የለም። ዳሌው። አይ ዳሌው። ተሰብሮ ይሆን፣ አይ፣ ቢሰበር ቀጭ ሲል ይሰማ ነበር፣ ወይስ ሰምቶ ነው፣ ወይስ ያ የሰማው ድምፅ የሳሙና ማስቀመጫው ነው።

አወዳደቁ እንኳ ወግ የለውም። ከሻወሩ ወጣ፣ ፎጣውን ሊያወርድ እጁን ዘረጋ፣ እርጥቡ ወለል ከሥሩ ሸሸ፣ በቃ፣ ለሰው ቢያወሩት ወሬ አይሞላም። ስልኩ መኝታ ቤት ነው፣ ቻርጅ ላይ፣ ከዚህ በር ማዶ፣ ትራሱ አጠገብ፣ ቅርብ ነው እኮ፣ ማስተር መኝታ ቤት ማለት ይኸው አይደል፣ ከአልጋህ ወርደህ፣ ማንንም ሳታይ ማንም ሳያይህ መጸዳጃ ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሰህ አልጋህ፣ የቤትህ ሰው መግባትህን ሳያውቅ፣ መውጣትህን ሳያውቅ፣ ይህን ለስንቱ ሰው ሣለለት፣ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራው ይኸው ነበር፣ ፕላን ነዳፊ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የሱን ያህል መስመሩ የሚጠራ አልነበረም፣ ሚሊሜትር ነበር የሚሉት፣ ሚሊሜትር እስኪ ይቺን እያት፣ ሚሊሜትር ሳያየው እንዳትፈርሙ፣ አሁን ማንም በምንም አይጠራውም፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፣ ራሱ በነደፈው ሕንፃ፣ ራሱ በነደፈው ቤት፣ ራቁቱን። ራቁቱን እኮ ነው። ይህን እስካሁን ልብ አላለውም።

ቅድሚያ ፎጣው። ለመነሳት ከመሞከሩ በፊት፣ ለመጣራት ከማሰቡ በፊት፣ ፎጣው፣ ማን ሊያየው ነው፣ ማንም፣ ግን ፎጣው፣ ጫፏ ከመስቀያው ወርዳ ትታየዋለች፣ ያንጋጥጣል፣ በጣቱ ጫፍ ይነካታል፣ ትሸሻለች፣ ደግሞ ይነካታል፣ ነይ እንጂ፣ ነይ የኔ እመቤት፣ አትኩሪ፣ መጣች፣ ፊቱ ላይ ወደቀች፣ ወገቡ ላይ ጠመጠማት፣ እፎይ፣ አሁን ሰው ሆነ፣ አሁን ቢሞትም በወግ ነው። ሊስቅ ይቃጣዋል፣ ዳሌው ግን ሳቅ አይወድም። እሺ፣ መነሳት። መዳፉን ወለሉ ላይ ያሳርፋል፣ ክንዱን ያጠነክራል፣ ቢስሚላ፣ በስመ አብ፣ ሁሉንም፣ ማንም ይርዳ፣ እ፣ እ፣ አይ እናቴ፣ አይሆንም፣ አይሆንም፣ ሕመሙ ከዳሌው ተነስቶ ጥርሱ ላይ ወጣ፣ በጥርሱ ነክሶ መለሰው፣ አልጮኸም። ገና ሳይደርቅ ያልበዋል።

ሌላ ቀን ቢሆን አሁን መስተዋቱ ፊት ቆሞ ጢሙን እየላጨ ለሚስቱ የሚያወራበት ሰዓት ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው የሚያወራላት፣ ሳሎን መስኮት አለው፣ መኝታ ቤት የሷ ጎን ያለበት አልጋ አለ፣ አይሆንለትም፣ እዚህ ግን መስኮት የለ፣ ጆሮ የለ፣ ቧንቧውን ከፈት አድርጎ፣ ልጅሽ ትናንት ደወለች ይላታል፣ ያቺን መጋረጃሽን አወረድኳት ይላታል፣ ጉልበቴ እንዴት እንዳደረገኝ አልነግርሽም ይልና ይነግራታል። ዛሬ አንድ ቃል አልወጣውም። አፍሯታል። ምን ይበላት፣ ያልሽው ደረሰ ይበላት?

አዋላጅ ነበረች፣ የሰው ገላ የማያስደነግጣት፣ ደሙም ጩኸቱም የዕለት ሥራዋ፣ የዚህን ቤት ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያሳያት፣ ይኼ ሳሎን፣ ይኼ ማድ ቤት፣ ይኼ የኛ መኝታ ቤት፣ ይኼ ውስጡ ያለው ደግሞ የግላችን፣ የሙሽራ ፎቶ እንደሚያሳይ ሰው ሲቁነጠነጥ፣ ጣቷ ዞሮ ዞሮ የት ቢያርፍ ጥሩ ነው፣ እዚያች ሩብ ክብ ላይ። ይቺ በር ወደ ውስጥ ነው እንዴ የምትከፈተው? አዎ፣ ይላታል። ምነው? ትላለች። ወደ ውጭ ከሆነ ከቁም ሳጥኑ በር ጋር ይጋጫላ። ይጋጩ፣ ይተዋወቃሉ። ቀልዱን ተዪውና፣ ሁለት ሩብ ክብ ተደራርቦ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ እንዴት እንደሚያስጠላ? እኔ የማውቀው ሰው ሽንት ቤት ሲወድቅ በሩ ላይ እንደሚወድቅ ነው፣ በሽተኛ ከበር ኋላ ተጋድሞብን ስንቴ ማጠፊያ ነቅለን አውጥተናል መሰለህ። እሺ፣ ነገ አስተካክላታለሁ። ነገ ሌላ ፕላን መጣ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ወረቀቱ ሕንፃ ሆነ፣ ሕንፃው ቤት ሆነ፣ እሷም ዕድሜዋን በዚያች በር ስትገባ ስትወጣ፣ አንድ ቀን እወድቅልህና ታያለህ እያለች ስትስቅ፣ ሳትወድቅ፣ ታማ ሞተች። የወደቀው እሱ ነው።

ያደገበት ግቢ የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ ነበር የሚከፈተው። ማንም አስቦበት አይደለም፣ ወደ ውስጥ ቦታ ስላልነበረ ነው። ከግቢው ጥግ፣ ከውሃው በርሜል ኋላ፣ ለስንቱ ቤተሰብ አንዲት፣ የቆርቆሮ በር፣ ከታች ክፍት ከላይ ክፍት፣ ከታች የገባው ሰው ጫማ ይታያል፣ ከላይ የረጅም ሰው ግንባር፣ መቀርቀሪያ የላት፣ ሽቦዋም ከተበጠሰ ቆይቷል፣ ቁልፉ እንግዲህ አፍ ነው፣ የመጣው ያስላል፣ እህ እህ፣ ሰው አለ? ይላል፣ ውስጥ ያለው ሰው አለ! ይላል፣ አለቀ፣ ከዚህ የተሻለ ቁልፍ እስካሁን አልተሠራም ትል ነበር እናቱ፣ እናቱማ ጠያቂም አትጠብቅ፣ ገና መንገድ ላይ ሳለች ታስላለች፣ ገብታም ታስላለች፣ ተቀምጣ በቆርቆሮው ላይ ከጎረቤት ጋር የጀመረችውን ወሬ ትጨርሳለች፣ ጠዋት ጠዋት ወረፋው ራሱ የሰፈር ስብሰባ ነበር፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ፈተና ወደቀ፣ ማንኛችሁ ናችሁ ትናንት ውሃ ሳትደፉ የወጣችሁት። እሱ ግን አልቻለም። አፉ አልታዘዝ አለው። ውስጥ ቁጢጥ ብሎ፣ ኮቴ ሲመጣ ሰምቶ፣ ሰው አለ? ሲባል፣ ሰው አለ ማለት፣ እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ፣ ይህን እያደረግሁ ነው ብሎ ለሰፈር ማወጅ ይመስለው ነበር፣ ዝም፣ ትንፋሹን ውጦ ዝም፣ ምናልባት ይሄዱልኛል ብሎ። አንድ ቀን ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታቸው ቸኩላ መጣች፣ ጠየቀች፣ ዝም፣ ደግማ ጠየቀች፣ ዝም፣ በሩን ብርግድ። ውይ ጉዴ፣ ሰው የለም መስሎኝ እኮ ነው! ወረፋ የያዘው ሁሉ፣ ልጅ አዋቂው፣ እሱ ቁምጣውን ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲፈልግ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ሰው የለም ሆነ። ሰው የለም፣ ና ኳስ እንጫወት። ሰው የለም፣ እናትህ ትጠራሃለች። እናቱ ራሷ አንዴ አምልጧት ሰው የለም ብላ ጠርታው አፏን በእጇ ያዘች፣ በኋላ አቅፋው፣ አንተ ልጅ፣ አፍ ለመብላት ብቻ ነው እንዴ የተሠራው፣ ሰው አለ በል፣ ሁለት ቃል ናት፣ አትገድልህም። አላለም። ከዚያ በኋላ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት እየጠበቀ ነበር የሚሄደው፣ ሆዱን ይዞ።

እዚያች ሽንት ቤት ውስጥ፣ አሁን ነው ትዝ ያለው፣ በዚያው ግቢ የሚኖረው ጡረተኛ ዘበኛ ዞሮበት የወደቀ ቀን፣ መሬት ሳይነካ ደረሱለት ማለት ይቻላል፣ ወረፋ ነበራ፣ አንዱ በአንድ እግሩ እየተወዛወዘ ይጠብቅ ነበራ፣ ኧረ አባባ ቶሎ በሉ፣ እዚያ ተኙ እንዴ፣ መልስ ሲጠፋ በሩን ወደ ውጭ ሳብ፣ ብብቱን ይዘው አወጡት፣ ውሃ ረጩበት፣ ነቃ፣ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ወረፋዬን ማን ወሰደው ብሎ ነው። እዚያ ግቢ ሽንት ቤት ውስጥ ሞቶ መቆየት አይቻልም ነበር፣ ወረፋው አይፈቅድም። እዚህ ይቻላል። እዚህ አንድ ሰው ማንንም ሳያስቸግር፣ የራሱ ውሃ፣ የራሱ መብራት፣ የራሱ በር፣ ደስ እስኪለው ድረስ ሞቶ መቆየት ይችላል፣ ልጁ እስክትመጣ፣ እሷ ደግሞ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው።

እና ይህን ነው የፈለገው። ይካድ እንዴ። መሐንዲሱ አለቃው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሚሊሜትር፣ እነዚህን መጸዳጃ ቤቶች ወደ መሃል ሰብስብልኝ፣ መስኮቱ ለሳሎን ይትረፍ፣ ሁሉንም በአንድ የቧንቧ ጉድጓድ ዙሪያ፣ አንዱን ባንዱ ላይ፣ ሲለው፣ ሌሎቹ ነዳፊዎች መስኮት የሌለው ሽንት ቤት ደግሞ ምን ሊሆን ነው፣ ሰው ይታፈናል ብለው ሲያጉረመርሙ፣ የሱ ልብ ዘለለች፣ መስኮት የለም፣ ከላይ ክፍት የለም፣ ከታች ክፍት የለም፣ የገባው ሰው ጫማ አይታይም፣ ወረፋ የለም፣ ጠያቂ የለም፣ አየሩ ብቻ በትንሿ ወንፊት ገብቶ በጉድጓዱ ይወጣል፣ ዳክት ነው የሚሉት፣ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ድረስ የተዘረጋ፣ ጨለማ፣ ከየቤቱ ሽንት ቤት አንድ አንድ ወንፊት ያለው፣ እንዴት አድርጎ ሣለው፣ እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ። ድምፅ እንደ ውሃ ሁሉ በጉድጓድ እንደሚወርድ ግን በፕላን ላይ አይታይም። ይህን የተማረው ገብቶ ሲኖርበት ነው።

ስልኩ።

ስልኩ እየጠራ ነው፣ ከበሩ ማዶ፣ ያቺ ልጁ የጫነችለት ዜማ፣ ልጁ ናት፣ በዚህ ሰዓት የምትደውል እሷ ብቻ ናት፣ አንሳው በይኝ፣ ማን ያንሳው፣ አይዞሽ አይዞሽ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ቆመ። አትደነግጥም። ራሱ ነው ያስተማራት፣ አባዬ ስልክ ሳታነሳ ስትቀር ልቤ ነው የሚወድቀው ስትለው፣ ካላነሳሁ ደህና ነኝ ማለት ነው፣ ጋዜጣ ልገዛ ወጣ ብዬ ነው፣ ሰው አታስቸግሪ። ሰው አታስቸግሪ። አሁን ምን ትላለች፣ አባዬ ዛሬም በጠዋቱ ወጥቷል ትላለች፣ ጎበዝ ነው ትላለች፣ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሥራዋ።

ብርዱ ከሴራሚኩ ይጀምራል፣ በመቀመጫው በኩል ገብቶ ወገቡን ይይዘዋል፣ ሴራሚኩን ራሱ ነበር የመረጠው፣ ነጭ፣ ቆሻሻ የማይደብቅ። እንግዲህ ይታሰብ። የፊት ለፊት ጎረቤት ቤቱን ዘግቶ ከሄደ ቆየ። የታችኞቹ ነጋዴዎች ናቸው፣ በማለዳ ወጥተዋል። ጥበቃው በር ላይ ነው፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ እዚህ ቢፈነዳ እንኳ አይሰማም። የቀረችው የላይኛዋ ናት።

የላይኛዋ። ስሟን አያውቅም ማለት ነውር ነው፣ ሚስቱ ታውቀው ነበር፣ ከሚስቱ ጋር ደረጃ ላይ ቆመው ሳቅ ሲሉ ያያቸው ነበር፣ የሙአለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፣ ወጣት፣ ደረጃ ላይ ሲገናኙ፣ ጋሼ እንዴት አደሩ ትለዋለች፣ እግዜር ይመስገን ይላታል፣ ጫማውን እያየ፣ ጫማውን የሚያየው ዓይኗን እንዳያይ ነው፣ ስለሚያውቅ። ማወቅ አልፈለገም። ወንፊቱ ነው ያሳወቀው። በፊት በፊት በጉድጓዱ የሚወርደው ሳቅና የወንድ ሳል ነበር፣ ጥርስ ሲፋቅ፣ ቁልፌን አየሽ ወይ ሲባል፣ አንድ ሰሞን ሳሉ ቀረ፣ የወንዱ ድምፅ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ገብታ በሩን ትዘጋለች፣ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ታለቅሳለች። ቧንቧ መክፈት የሱ ዘዴ አይደል፣ ዕድሜ ልኩን ቧንቧ ከፍቶ ሽንቱን የሸና ሰው፣ ሚስቱ ከውጭ ሆና፣ ኧረ ውሃ አታባክን፣ ሰምተንሃል ስትለው የነበረ፣ የዚያች ልጅ ቧንቧ ለምን እንደተከፈተ ሊጠፋው ነው፣ ውሃው ይወርዳል፣ ለቅሶው ከውሃው ጋር አብሮ ይወርዳል፣ እሱ ታች በአንድ ጉንጩ ሳሙና እንደቀባ ምላጩን ይዞ ይቆማል፣ ምንም አላደረገም፣ ምን ሊያደርግ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ያለቀሰችን ሴት ሰምቼሻለሁ ይባላል እንዴ፣ አይባልም፣ አለማየትን የመሰለ መከባበር የለም፣ አለመስማትም እንደዚሁ፣ ብሎ፣ ቧንቧዋ ሲዘጋ እሱ ምላጩን ያነሳል፣ ለሚስቱ የጀመረውን ወሬ ይቀጥላል።

ይኸው መጣች። ተንሸራታች ጫማዋ። የበሯ መጋጠም። አሁን ቧንቧው፣ ይኸው። ተጀመረ።

ሰዓት አያስፈልገውም፣ ቅደም ተከተሉን ያውቀዋል፣ ትጨርሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ቧንቧው ይዘጋል፣ ከዚያ ባለተረከዙ ጫማዋ ኳ ኳ ኳ፣ የውጭው በር፣ ደረጃው፣ ከዚያ እስኪመሽ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሰው ድምፅ የለም፣ እስኪመሽ ደግሞ ይህ ብርድ፣ ይህ ዳሌ፣ ይህ ዕድሜ፣ አይመሽለትም፣ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አሁን ካልተጣራ ሌላ ጊዜ የለም። ከተጣራ ደግሞ ታውቃለች። ከየት ነው የተጣራው፣ ከሽንት ቤት፣ በምን ሰማሁት፣ በወንፊቱ፣ ታዲያ እሱስ፣ ትላለች፣ እስከ ዛሬ፣ በየጠዋቱ፣ ይሰማኝ ነበር ማለት ነው፣ ያ ጫማውን የሚያየው ሽማግሌ፣ ያ ጨዋ የመሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ በየትኛው ክፍል ታልቅስ፣ ቤቷ ውስጥ አንዲት የቀረቻት ቦታ እሷ ናት፣ እሷኑ ሊነጥቃት ነው። እንግዲህ ሰው በይሉኝታ ይሞታል? ይሞታል እንጂ፣ ስንቱ ሞቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፣ ሰው እንዳይሰማው ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲያቆም የኖረ፣ አሁን የሚያድነው መሰማት ሆነ፣ ሰው የለም፣ ሰው የለም፣ ና ኳስ እንጫወት፣ ወይ ኳስ፣ ፊቷን እየታጠበች ነው፣ ይኼ የመዳፍ ድምፅ ነው፣ ፊቷን እየታጠበች ነው፣ አፍህን ክፈት፣ ከፈተ፣ ምንም አልወጣም፣ አየር ብቻ፣ እናቴ፣ እንዴት ነበር የምታደርጊው፣ ገና መንገድ ላይ ሳለሽ፣

እህ።

እህ፣ እህ።

ውሃው ቆመ። ቀስ ብሎ አይደለም፣ ጭርጭ ብሎ፣ በአንድ ጊዜ ተጠመዘዘ። ከላይ ዝም። ከታች ዝም። ሰማችው፣ ሰምታዋለች፣ ትንፋሿን ውጣለች፣ ያውቀዋል ያን ዝምታ፣ የራሱ ዝምታ ነው፣ ቆርቆሮ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ፣ ምናልባት ይሄዱልኛል ብሎ፣ አሁንም መተው ይቻላል፣ ጆሮዬ ነው ትላለች፣ ትሄዳለች፣

ይቅርታ፣ ይላል።

መጀመሪያ የወጣው ቃል ይኸው ነው፣ ሰው እርዱኝ ይላል እንጂ ይቅርታ ይላል እንዴ። ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ከታች ነኝ፣ ወድቄ ነው።

ማነው? ጋሼ? ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? ድምፁ ልክ እላዩ ላይ ነው፣ ወንፊቱ ላይ አፏን አድርጋ መሆን አለበት፣ በምን ላይ ወጥታ ይሆን፣ መቀመጫው ላይ፣ እንዳትወድቅ። እኔ ነኝ። የት ነው የወደቁት? እዚሁ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መነሳት አቃተኝ፣ ሥራሽ ረፈደብሽ። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ በጣም በትንሽ ድምፅ፣ እንደ ተማሪዎቿ፣ ጋሼ፣ እዚያ ይሰማል እንዴ? መጣ። መዋሸት ይቻላል፣ ዛሬ ገና ነው የሰማሁት ማለት፣ ደግ ውሸት፣ ለሷ ብሎ፣ ግን በዚህ ወለል ላይ በፎጣ የተቀመጠ ሰው ለምን ይዋሽ፣ ይሰማል፣ ይላል። ድሮም? ድሮም። አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማዋል፣ እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች፣ በጉድጓድ ውስጥ አይለይም።

እኔም እኮ እሰማዎታለሁ፣ አለች።

ምኑን፣ ይላል።

ጠዋት ጠዋት ለእትዬ ሲያወሩላቸው። ስለ መጋረጃው፣ ስለ ጉልበትዎ። እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ ምነው አላወሩም ብዬ፣ ፊቴን እየታጠብኩ እያሰብኩት ነበር እኮ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ምን ሲያስብ ነበር፣ ድምፅ እንደ ውሃ ይወርዳል እንጂ ሽቅብ ይወጣል ብሎ አንድ ቀን አልጠረጠረም፣ ጉድጓዱን የሣለው እሱ፣ ሚሊሜትር፣ ጠዋት ጠዋት እንግዲህ፣ እሷ ከላይ እያለቀሰች እሱ ምላጩን ይዞ፣ እሱ ከታች እያወራ እሷ ፎጣዋን ይዛ፣ አንዱ ላንዱ እየተጠነቀቀ፣ ሁለት ሞኝ፣ አንድ ቧንቧ። ሙቅ ነገር በጉንጩ ይወርዳል፣ ከፀጉሩ የቀረ ውሃ ነው፣ ውሃ ግን ቀዝቅዞ መሆን ነበረበት። በሩ ተቆልፏል፣ ይላል፣ የውጭው፣ ጥበቃውን ጥሪና ይስበረው። ለምን ይሰበራል፣ ቁልፍ እኔ ጋ አለ። አንቺ ጋ? እትዬ ሰጥተውኛል፣ የታመሙ ጊዜ፣ ሆስፒታል ሊገቡ ሲሉ ደረጃ ላይ ጠብቀው፣ እሱ ቢሞትም ሰው አይጠራም፣ ዝም ካለብሽ ግቢ ብለው። እኔ ደግሞ፣ ጋሼ፣ ዛሬ ዝም ሲሉ፣ በይሉኝታ፣ አለችና አልጨረሰችውም። መጣሁ። እንዳይንቀሳቀሱ።

እንዳይንቀሳቀሱ ትላለች፣ መንቀሳቀስማ አለበት፣ በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። አንቺ ሴት። አንቺ ተንኮለኛ። ለሰው ቁልፍ ሰጥተሽ፣ ለኔ አንድ ቃል ሳትነግሪኝ፣ በሩን ሳላስተካክልልሽ ብቀር ሰው አስተካከልሽ። እሺ። ሩብ ክቧን ያውቃታል፣ ከዚህ ማጠፊያ ተነስታ እስከዚያ፣ ወለሉ ላይ ሳትሣል ትታየዋለች፣ ከሷ ውጭ ያለችው ባዶ ቦታ የእጅ መታጠቢያው ሥር ያለችው ናት፣ ጠባብ ናት፣ ሰው እንዲተኛባት አልተነደፈችም። መዳፉን ያሳርፋል፣ የተሰነቀረውን እግሩን በእጁ ይዞ ያወጣል፣ አይ እናቴ፣ ይላል፣ አሁን ጮክ ብሎ ነው፣ ይሰማ፣ ማን የማያውቀው አለ፣ ይሳባል፣ ሕመሙ ዓይኑን ያጨልመዋል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሳባል፣ ደረጃው ላይ ኮቴ፣ ተረከዝ የለውም፣ በባዶ እግሯ ነው የምትሮጠው፣ ጭንቅላቱ መታጠቢያው ሥር ገባ፣ ትከሻው ገባ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፣ እግሩ ከመስመሯ ወጣ፣ በቃ፣ ያልፋል በሩ። ፎጣው። ፎጣው አለ።

ቁልፍ ዞረ። ኮሪደሩ። ሳሎኑ። ጋሼ? መኝታ ቤቱ። ቆመች። እዚህ ናት፣ ከበሩ ማዶ፣ ልብስ አጣቢዋ ብትሆን ብርግድ ታደርገው ነበር፣ ይቺ አታደርገውም፣ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፣ እንደወደቀ ታውቃለች፣ ሁሉን ታውቃለች፣ ግን የሽንት ቤት በር ነው፣ የሽንት ቤት በር ላይ የሚባለው ደግሞ አንድ ነው፣ በጣቷ ቀስ አድርጋ ታንኳኳለች።

ሰው አለ?

ወረፋው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፣ እናቱ በርሜሉ አጠገብ ቆማለች፣ ዘበኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ አዋላጅቱ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ በል እንጂ፣ ሁለት ቃል ናት።

ሰው አለ፣ ይላል፣ በደንብ የተሰማ አይመስለውም፣ ደግሞ፣ ሰው አለ፣ ሰው አለ፣ ግቢ።